የቢራ ቀማሿ ስኳር

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የፋብሪካው ነርስ በምሳ ሰዓት አስጠራችኝ። የዓመቱ ምርመራ ውጤት ደርሶ ነው። የሌላው ሰው ውጤት በፖስታ እየታሸገ ሲታደል የእኔ በቃል ነው።

"በባዶ ሆድሽ የተለካው ስኳር ድንበር ላይ ነው" አለችኝ። "አልያዘሽም፤ ግን አልለቀቀሽም።" ጉበቴም ትንሽ ማጉረምረም ጀምሯል አለች። ከዚያ ስንት እንደምጠጣ ጠየቀችኝ።

ሳቅሁ። የቢራ ፋብሪካን የቅምሻ ክፍል ኃላፊ ስንት ትጠጫለሽ ማለት ዳቦ ጋጋሪን ዱቄት ነክተህ ታውቃለህ ወይ እንደ ማለት ነው። ለሥራ ያህል፣ አልኳት። ለሥራ ያህል ስንት ነው፣ አለች። መቅመስ ነዋ፣ አልኳት። እስክሪብቶዋን እንደያዘች ጠበቀችኝ፤ እኔም ጠበቅኋት። በመጨረሻ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን ብላ እንደጻፈች አላየሁም።

ሆስፒታል ሄጄ ሐኪም እንዳይ፣ ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ እንደገና እንድለካ ነገረችኝ። እስከዚያ ለአስተዳደር አታሳውቅም። ከዚያ በኋላ ግን ግዴታዋ ነው፤ ሕመምተኛ ቅምሻ ክፍል አይገባም።

ፋብሪካው ውስጥ ስሜ "ምላስ" ነው። አዲስ ተቀጣሪ ሲሰማ ወሬኛ የሆንኩ ይመስለዋል። ወሬ አላወራም። ይህንንም ለማንም ስለማላወራው ነው እዚህ የጻፍኩት።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ቀለል ብሎኛል። ጠማቂው፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረውና በዚህ ፋብሪካ ጓደኛዬ የምለው ብቸኛ ሰው፣ ደስ የሚል ነገር ነገረኝ። የራሴን ጉዳይ አላነሳሁበትም። አንድ ዘመዴ ስኳር ድንበር ላይ ነው ተባለ፣ ቢራ ይጎዳዋል ወይ ብዬ ነው የጠየቅሁት። እንዲያውም አለኝ፤ ጨርሶ ከማይጠጣው ይልቅ በመጠኑ የሚጠጣው ሰው በስኳር የሚያዘው ባነሰ ነው የሚል ጥናት ጋዜጣ ላይ አንብቧል። ከሰዓት በኋላ ቆርጦ አመጣልኝ።

በመጠኑ። ይቺ ቃል ደስ ትላለች። ሰው ሁሉ እንደየቁመቱ ልብስ እንደሚሰፋለት መጠኑም እንደየሰውነቱ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት የለመድኩ ሰው ነኝ።

አዲሱ ጥቁር ቢራ ነሐሴ ውስጥ ገበያ ሊወጣ ነው። የብቅሉ ጣፋጭነት ገና አልተስተካከለም። ሥራ አስኪያጁ በየቀኑ ብቅ እያለ "ምላሳችን ምን አለች?" ይላል። ምላሳችሁ ገና አልወሰነችም።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ዛሬ ቤት ዋልኩ። ጋሼ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ሬዲዮ ሲያዳምጥ አየሁትና አንጀቴን በላው።

ጋሼ ታላቅ ወንድሜ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ አገር ለአገር ሲዞር የኖረ ሰው አሁን ከአልጋው እስከ መስኮቱ ነው መንገዱ። ስኳሩ ዓይኑን ወስዶበታል። ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊት አይለይም። ሚስቱ ስትሰለች እኔና ልጄ ወዳለንበት አመጣሁት። ጠዋት ጠዋት ኢንሱሊኑን እኔ ነኝ የምወጋው። ልጄ ኮሌጅ ትማራለች፤ በጠዋት ነው የምትወጣው። ጋሼ እጄን ይወደዋል። "ትንኝ እንኳ ካንቺ ይከፋል" ይለኛል።

እኔ እንደ ጋሼ አይደለሁም። ጋሼ የሚጠጣው ጂን ነበር፣ ያውም በባዶ ሆዱ፣ ያውም መሪ ሊጨብጥ ሲል። ሐኪሞቹ ቆሽቱን ያቃጠለው መጠጡ ነው ብለውታል፤ ስኳሩም ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው። የእኔ ቢራ ነው። ከምን እንደተሠራ፣ በየትኛው ታንክ ስንት ቀን እንደተኛ አውቀዋለሁ። የማያውቁትን መጠጣትና የሚያውቁትን መጠጣት አንድ አይደለም።

እራት በልተን ስንጨርስ "ትናንት ማታ ጠርሙስ ሲከፈት ሰማሁ" አለኝ። የተፎካካሪዎቻችንን ቢራ ከእኛው ጋር እያወዳደርኩ ነው፣ የቤት ሥራ ነው አልኩት። ፊቱን ወደ እኔ መለስ አደረገ።

"ታዲያ ማን አሸነፈ?" አለ።

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ጥድፊያ። ጥቁሩ ከሁሉም ታንክ ተቀድቶ ቀረበ። ከምሳ በፊትም ከምሳ በኋላም። አፌ ደርቆ ዋለ፤ ውሃ ብጠጣም ብጠጣም አይረካም። ሽንት ቤት ስመላለስ የጠርሙስ እጥበት ሴቶች ተጠቃቀሱ። ሰውነቴ ምን ነካው። ሙቀቱ ይሆናል።

ሙቀት የለም። ውጪው ዝናብ ነው።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ነርሷ አላስቀምጥ ስላለችኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ትሕትናው ግን ያስፈራል። "እርስዎ" እያለ ነው የሚያፋጥጠው።

ጋዜጣውን አውጥቼ አሳየሁት። ሳላስበው ነው ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው። በጥሞና አነበበው። አላናናቀውም። እንዲህ ያሉ ጥናቶች መኖራቸውን አውቃለሁ አለ፤ በአንዳንዶቹ ጥቂት የሚጠጡ ሰዎች ጨርሶ ከማይጠጡት የተሻሉ መስለው ይታያሉ፤ ግን አልጠጣም ከሚሉት መካከል ቀድሞውኑ ታመው የተዉ ስላሉበት ንጽጽሩ እንደሚያሳስት፣ ይጠቅማል የተባለውም በሁሉም ሰው ላይ እንደማይታይ አስረዳኝ። ብዙ በሚጠጣ ሰው ላይ ግን ክርክር የለም አለ። መጠጥ ጉበትን ያደክማል፣ ሆድ ላይ ስብ ያከማቻል፣ ሰውነት የራሱን ኢንሱሊን እንዳይሰማ ያደርጋል፣ ሲብስ ደግሞ ኢንሱሊን የሚሠራውን ቆሽት ራሱን ያቆስላል።

ሰው ሲናደድ ቆሽቴ አረረ የሚለው ለካ እውነት ነው አልኩት። ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ወረቀቱን መለሰልኝና "ይህ ጽሑፍ አንድ ጠጥተው ብርጭቆውን ስለሚያስቀምጡ ሰዎች ነው የሚያወራው" አለ። "እርስዎ ከእነዚያ ውስጥ ነዎት?"

ሥራዬ ነው አልኩት። የወይን ቀማሾች እንደሚተፉ ሰምቻለሁ አለኝ። ቢራ አይተፋም አልኩት፤ መራራነቱ የሚታወቀው ሲዋጥ፣ ጉሮሮ ላይ ነው። ይህ እውነት ነው። ከሥራ ውጪስ፣ አለኝ። አልፎ አልፎ፣ አልኩት።

አልፎ አልፎን ጻፈ። ስንት ጊዜ እንደሚያልፍ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስረዳሁትም።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ሐኪሙ ጋ ከሄድኩ ወዲህ ከሥራ ውጪ አልጠጣሁም። እሁድ ሲቀር። እሁድ ጎረቤታችን መጥታ ነበር፤ እንግዳ ብቻውን አይጠጣም። እሷ ቶሎ ሄደች።

ጠዋት የሚገርም ነገር ሆነ። የጋሼን መርፌ ስይዝ እጄ ተንቀጠቀጠ። መርፌው ከኢንሱሊኑ ጠርሙስ አፍ እየሳተ መላ ቅጡ ጠፋኝ። "ምን ሆንሽ?" አለኝ። በረደኝ አልኩት። ወጥ ቤት ገብቼ ከፍሪጅ አንዷን ከፈትኩ፣ ግማሿን ብቻ፣ ቆሜ። ወዲያው ረጋልኝ። ተመልሼ ስወጋው ምንም አልተሰማውም።

ለጋሼ ብዬ ነው። በሚንቀጠቀጥ እጅ ሰው አይወጋም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

ክው ያልኩበት ቀን። ባለፈው ሳምንት እኔ አሳልፌው የወጣ ቢራ ከሻጮች ተመልሶ መጣ። ቅቤ ቅቤ ይላል ብለዋል። የቅቤ ጣዕም ማለት እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ቢራው ተጣርቷል ማለት ነው፤ ጀማሪ ቀማሽ የማይስተው ጥፋት ነው። ጠማቂው አንድ ብርጭቆ ቀዳልኝ። ቀመስኩ። ምንም አላገኘሁበትም። ደግሜ ቀመስኩ። "አዎ፣ አለው" አልኩት፤ ምንም ሳላገኝ።

ዓይኔን ሲያየኝ ቆየ።

ከሰዓት በኋላ በደረጃው ስወርድ ከላይ የሁለት ወንዶች ድምፅ ሰማሁ። አንዱ "ድሮ የመቶ ሰው ምላስ ነበራት" አለ። ሌላው "አሁን የመቶ ሰው ጉሮሮ ነው ያላት" አለው። ማን እንደሆኑ ዞሬ አላየሁም። ደረጃውን ቶሎ ወረድኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሲጠራኝ ሊያባርረኝ ነው ብዬ ነበር። አላባረረኝም፤ የባሰ ነው። የጥቁሩ ቢራ ማስታወቂያ ላይ ፎቶዬ ይወጣል፤ "ሃያ ዓመት በቀመሰች አንደበት የተመረጠ" ይላል። ታትሟል። "የቅቤውን ጉዳይ እንረሳዋለን" አለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ። እንረሳዋለን ሲል የሚረሳ ሰው አይመስልም።

ቤት ስገባ ልጄ ሳመችኝና ጥቂት ቆመች። እራት አለ አለችኝ። አልራበኝም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

አንድ ብርጭቆ። ብርጭቆው ትልቅ ነው።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ሁሉም ነገር እየተያያዘ ነው የመጣው። ካልቀመስኩ ሥራ የለኝም። ሥራ ከሌለኝ የጋሼ መድኃኒት፣ የልጄ ትምህርት። ከቀመስኩ ደግሞ ያ ትሑት ሐኪም። እሺ፣ ከሥራ ውጪ ያለውን ልተው ብል እጄ። የትኛውንም በር ብገፋ ከኋላው ሌላ በር አለ፤ እሱም የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው።

የልጄ አባት ሲሄድ ያለኝ ነገር ዛሬ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ዋለ። አልጽፈውም።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሆስፒታል ነው። ተርፏል። እጄ መጻፍ እንቢ አለኝ። ነገ።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

እንደሆነው ልጻፍ።

ትናንት ጠዋት ራሴን አሞኝ ነበር የተነሳሁት። ዓርብ የጥቁሩ የመጨረሻ ቅምሻ ስለነበረ ነው። ጋሼን መርፌውን ወጋሁት፣ ቁርስ አቀረብኩለት፣ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ልጄ ገበያ ሄዳ ነበር።

የነቃሁት በልጄ ጩኸት ነው። ጋሼ አልጋውና ግድግዳው መካከል ወድቋል። ላቡ ልብሱን አጥቦታል። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ ግን አይያዝም። ጎረቤታችን ሮጣ ገባችና "ሰክሯል" አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ወለሉን አየች። እኔ እንደ ሐውልት ቆሜ ነበር። ልጄ ናት ታክሲ ያስቆመችው፤ ልጄ ናት ራሱን ታፋዋ ላይ አድርጋ እስከ ሆስፒታል የሄደችው።

ስኳሩ አለመጠን ወርዶ ነው አሉ። በደም ሥሩ ግሉኮስ ሲሰጡት ዓይኑን ገለጠ። ጥቂት ቢዘገይ ኖሮ፣ አለ ሐኪሙና ሳይጨርሰው ተወው።

ቁርሱን በደንብ ስላልበላ ነው የሚሆነው። ጋሼ ቁርስ ላይ ሁልጊዜ ይሰለቻል።

ዛሬ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሐኪሙ ልጄን "መርፌውን የሚወጋው ማን ነው?" ብሎ ሲጠይቃት ሰማሁ። ያን ጊዜ የጋሼ ድምፅ፣ ደካማ ሆኖ፣ ከአልጋው መጣ፤ "ትናንት ራሴ ነኝ የወጋሁት። አላይም፤ በዳበሳ ነው። ሳላውቀው አብዝቼዋለሁ።"

እንዲህ ከሆነ እንዲህ ነው። እኔ ከወጋሁት በኋላ እሱ ደግሞ ራሱን ወግቶ ይሆናላ። ምን ነካው? መርፌው የሚቀመጠው ፍሪጁ ውስጥ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እንዴት አገኘው?

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ጋሼ ቤት ገባ። ልጄ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ተነስታ አገኘኋት። መርፌውን ይዛለች። ሆስፒታል ነርሶቹ አስተምረዋታል።

"ከዛሬ ጀምሮ እኔ እወጋዋለሁ፣ እማ" አለች። "ኮሌጅ ዘግይቼ እገባለሁ። አስፈቅጃለሁ።"

ለምን አላልኩም። እሷም ለምን አላለችም። ቁጣ ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። ልጅ እናቷን እንዲህ በትሕትና ስታናግር ቤቱ ይጠባል።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ጠጣሁ። መኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ ዝናብ ውስጥ። እዚያ ቆሜ ማን ነሽ ብባል ምን እል ነበር።

ሐምሌ 27፣ እሁድ

ልጄ ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳለች። ጋሼና እኔ ብቻችንን ነበርን። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

ለብዙ ቀን ስሸሸው የቆየሁትን ጠየቅሁት። "ጋሼ፣ ያን ቀን መርፌውን ከየት አግኝተህ ነው ራስህን የወጋኸው?" አልኩት። ሬዲዮውን ቀነሰ። ከዚያ ጨርሶ አጠፋው።

"እኔ አልወጋሁም" አለ።

ወደ መስኮቱ ጠጋ አልኩ።

"አንድ ጊዜ ወግተሽኝ ወጣሽ። ጥቂት ቆይተሽ ተመለስሽ። 'ጋሼ፣ እጅህን ስጠኝ፣ መርፌህ ሳይረሳ' አልሽኝ። ሰጠሁሽ።"

ምንም ትዝ አይለኝም። አሁን ይህን ስጽፍም አይታየኝም። እንደገና መግባቴን፣ ጠርሙሷን ማንሳቴን፣ እጁን መያዜን፣ ምንም። ሌላ ሰው ያደረገውን ነገር እንደ መስማት ነው።

"ለምን ዝም አልክ?" አልኩት። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

"ወግተሽኛል ማለት ነበረብኝ" አለ። "ካልኩሽ ግን ጠጥተሻል ማለቴ ነው። ከአፍሽ ሸትቶኛል። ያን ቃል ላንቺ ማለት አቃተኝ፣ እህቴ። አንዴ ተጨማሪ ቢሆን ምን ያደርገኛል አልኩ። ዳቦውን ጨምሬ ልበላ ፈለግሁ፤ ሳህኑን አንስተሽው ነበር።"

ሳህኑን አንስቼው ነበር።

እግሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አላለቀስኩም። በዚያች ሰዓት፣ ወንድሜን ልገድለው እንደነበር በሰማሁባት በዚያች ሰዓት፣ ፍሪጁ ውስጥ የቀረ አለ ወይ ብዬ ነበር የማስበው። ይህን ከጻፍኩ ከእንግዲህ የማልጽፈው ነገር የለም።

ጋሼ ራሴን ዳበሰኝ። እኔም ብዙ ጊዜ ሰክሬ ነድቻለሁ አለኝ፤ አንድ ክረምት መኪናውን አቁሞ ሰው ገጭቼ ይሆን ወይ እያለ ወደ ኋላ በእግሩ እንደሄደ፣ ምንም ሳያገኝ መንገድ ዳር ተቀምጦ እንደነጋበት ነገረኝ። "ያን ቀን አንድ ሰው 'ሰክረሃል' ቢለኝ ኖሮ" አለ። "ሁሉም ያውቅ ነበር። ሁሉም ያፍርልኝ ነበር።"

ከዚያ "እንግዲህ እኔ አላፍርልሽም" አለኝ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ቀማሽ ሆኜ መቀጠል እንደማልችል ነገርኩት። መጀመሪያ ደመወዝ ላስጨምር የመጣሁ መሰለው። ስኳሬን ነገርኩት። ብዙዎቻችን አለብን አለ። መጠጡን ነገርኩት። ሳቀ። እኔ ሳልስቅ ስቀር እሱም ተወው።

ጥቁሩ ቢራ የሚመረቅበት ቀን እስኪያልፍ ብቻ ታገሺ አለኝ። እንግዶች ፊት አንድ ብርጭቆ ማንሳት ነው፣ ፎቶ መነሳት ነው፣ በቃ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽው ክፍል። የተመለሰውን ቢራ ማን እንዳሳለፈው እስካሁን ለቦርዱ አልነገርኩም አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ውለታ እንደሚውልልኝ ሰው።

"ንገሯቸው" አልኩት። "እኔ ነኝ ያሳለፍኩት። ቅቤው አሁንም አይታወቀኝም።"

ስወጣ ጠማቂው በሩ ላይ ቆሞ ያዘኝ። ሰምቷል። ለዘመድሽ ብዬ ነበር ጋዜጣውን ያመጣሁት አለኝ፣ እንደ ጥፋተኛ። አንተ ምን አደረግህ አልኩት፤ በመጠኑ የሚለውን ቃል በዓይኔ አይቼ እንዳላየሁ ያለፍኩት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ሐኪሙ ጋ። ስንት እንደምጠጣ አሁን በትክክል ነገርኩት። ጠዋት እጄ እንዲረጋ ብዬ የምጠጣውንም፣ መኪና ማቆሚያውንም። እያንዳንዱን ሲጽፍ አየሁት፤ አልቸኮለም። አልደነገጠም። ይህን ያህል ሲጠጣ የኖረ ሰው ብቻውን በአንድ ቀን ቢያቆም አደገኛ ነው አለ፤ መንቀጥቀጥ ብቻ ሳይሆን ሊጥል ይችላል። ጥቂት ቀን ሆስፒታል ተኝቼ በመድኃኒት እንዳቆም ወሰነ። ስኳሩስ፣ አልኩት። ይታያል አለ። መጠጡ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፣ ቃል ግን አልገባም አለኝ። ቃል አለመግባቱን ወደድኩለት።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሆስፒታል። አንሶላው እርጥብ ነው፤ ላብ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ምልክት ይንቀሳቀሳል፤ እንደማይንቀሳቀስ አውቃለሁ። ልጄ መጣች። ብርቱካን ላጠችልኝ።

ብርቱካኑ ጣዕም ነበረው። መራራ ነጩን እንኳ ለየሁት።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ወጥቻለሁ። ዛሬ ጥቁሩ ቢራ ተመረቀ። ፎቶዬ ያለበት ትልቅ ማስታወቂያ የፋብሪካው በር ላይ ተሰቅሏል፤ እኔ ከጠርሙስ እጥበቱ ሴቶች ጋር ከሥሩ አለፍኩ። አሁን ሥራዬ እዚያ ነው፤ ከመብራት ፊት የሚያልፈውን ጠርሙስ እያየሁ የተሰነጠቀውን ማውጣት። ደመወዙ ያንሳል። ልጄ ቅዳሜና እሁድ የፎቶ ኮፒ ቤት ሥራ ጀምራለች፤ አትጀምሪ ብዬ ነበር። የቢራው ሽታ ግን እዚያም አለ። በየቦታው አለ። ግድግዳው ጠጥቶታል። ሌላ ፋብሪካ ሥራ እስካገኝ በዚህ ሽታ ውስጥ ስምንት ሰዓት እቆማለሁ።

ከእጥበቱ ሴቶች አንዷ፣ ሰኔ ላይ ከተጠቃቀሱት፣ ማስቲካ ሰጠችኝ። "አፍሽ ውስጥ ነገር ይኑር" አለችኝ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስወጣ ሱቅ ገብቼ ነበር። ዳቦ ልገዛ። ፍሪጁ ፊት ቆምኩ። ባለሱቁ ጉሮሮውን እስኪጠራርግ ድረስ ቆምኩ። ዳቦውንም ሳልገዛ ወጣሁ።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ውጤቱ መጣ። ነርሷ አሁንም በቃል ነገረችኝ፤ በሩን ግን ዘግታ፣ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ።

ድንበሩን ተሻግሯል። ሁለት ጊዜ አስለክታዋለች። ስኳር አለብኝ። ጉበቴ መለስ ብሏል፤ ስኳሩ ግን አልጠበቀኝም። ሐኪሙ ለጊዜው በኪኒን እንጀምር አለ። ካልጠጣሽ ኪኒኑ ብቻውን ለረጅም ዓመት ሊይዘው ይችላል፣ ከጠጣሽ ግን ከወንድምሽ መንገድ አትርቂም ብላ ነርሷ የሱን ቃል በራሷ ቋንቋ ተረጎመችልኝ። ተናደድኩ። ይህን ሁሉ አሳልፌ ምን አተረፍኩ ብዬ ልጮህባት ፈለግሁ። እሷ ምን አደረገች። የኪኒኑን አወሳሰድ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

በእግሬ ነው ወደ ቤት የመጣሁት። ዝናቡ አቁሟል፤ መንገዱ ሁሉ ውሃ ነው። በእያንዳንዱ መጠጥ ቤት በር ሳልፍ አሁን ከሆነስ ምን ቀረኝ የሚል ነገር በጆሮዬ ያወራኝ ነበር። ደህና ተናጋሪ ነው። ዓመት ሙሉ ከእኔ አፍ የተማረ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። የመጨረሻው በር ላይ ቆምኩ፤ እጄ የበሩን መያዣ ነክቷል። ሰው ከውስጥ ሲወጣ ገፋኝና ይቅርታ አለኝ። ያን ጊዜ ሄድኩ። ምን እንዳስኬደኝ አላውቅም። ጥሩ ነገር አስቤ ነበር ብል ውሸት ነው።

ጋሼ አልጋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ልጄ አልገባችም። "መጣ?" አለኝ። መጣ አልኩት። ነገርኩት። ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ከጎኑ ተቀመጥኩ።

"ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?" አለኝ።

"አልጠጣሁም" አልኩት።

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፤ ትንፋሼን ሲፈልግ አወቅሁት። ዝም ብዬ ተነፈስኩለት። ማስቲካው ብቻ ነበር የሚሸተው፤ ማስቲካ ደግሞ ለአሮጌ ጠጪ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ያውቃል። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። "እሺ" አለ፣ ለልጅ እሺ እንደሚባለው።

እውነቴን ነበር። ማስረጃ የለኝም። መቆጣትም መብቴ አልመሰለኝም። ተነስቼ እራት ላቅርብ ስል እጄን ያዘኝ፤ "ነገም እጠይቅሻለሁ" አለኝ።

ጠይቀኝ አልኩት።